የሞተ ሰው አላሳፍርም

ከኦልቢያ፣ በታውሬዎን ወር፣ ባሕሩ ለመርከብ በተከፈተ በዘጠነኛው ቀን

ለእትዬ ሄዲስቴ፣ ለእናቴ ለቲሞም፤

ፈዋሹ አፖሎ ቤታችሁን ይጠብቅ፤ ሳልና ክፉ ወሬ ደጃችሁን ይርሳ። እንዴት ከረማችሁ? የእማዬ ጉልበት እንዴት ነው? ሚሊጢን ዘንድሮም ነፋሻ ናት? እኔ ወንድምሽ ማንድሮን ደህና ነኝ። ደህና መሆኔን ለማስረዳት ይህን ያህል እቸገራለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

ከላይኛው አገር፣ ከእንጨቷ ከተማ፣ የወረድኩት ከስድስት ቀን በፊት ነው። አርባ እንስራ ወይን ጠጅ ይዤ በወንዙ ወጥቼ፣ ስንዴ፣ ሰምና ቆዳ ይዤ እስክመለስ ሁለት ክረምት አለፈ። የዘገየሁት ወድጄ አይደለም። የእስኩቴሶቹ አለቃ ሞቶ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ነበር፤ እነሱ ሐዘን ሲቀመጡ እንግዳ ሰው ወንዙን አይሻገርም።

ወደቡ ላይ መጀመሪያ ያገኘሁት ባቶንን ነው፤ የሰፈራችንን ባለመርከብ። የዘይት እንስራ ታቅፎ ነበር። አየኝና እንስራውን ለቀቀው።

«ማንድሮን?» አለ።

«አዎ፤ ምነው?»

«ተዝካርህን በልቻለሁ እኮ!»

«ምን በላህ?»

«ተዝካርህን! እናትህ ሁለት በግ አሳርዳ፣ መቃብር አስቆፍራ፣ ድንጋይ አቁማ... ኧረ በአማልክት፣ ጠጋ አትበል!» ብሎ ጉያው ውስጥ ሦስት ጊዜ እንትፍ እንትፍ አለ።

እኔ ሳቅሁ። ሳቁ የቆየልኝ ግን እስከ ፈዋሹ ቤተ መቅደስ በር ድረስ ብቻ ነው። በረኛው ወሬው ቀድሞኝ ደርሶት ኖሮ በበትሩ ደረቴን ይዞ አስቆመኝ። ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ የተለቀሰለትና መቃብር የተቆፈረለት ሰው በሕይወት ቢመለስ እንኳ፣ እንደ ሕፃን እንደገና እስኪወለድ ድረስ ሙት ነው። የቀበረችው ሴት አጥባ፣ በመጠቅለያ ጠቅልላ፣ ጡት አስይዛ፣ በአሥረኛው ቀን ስም ካላወጣችለት መሠዊያ አይቀርብም፤ ከሰውም ጋር አንድ ማዕድ አይቆርስም። ልጅ ሆነን በዚህ ሕግ እንስቅ ነበር።

እውነት ቀብራችሁኛል? የላክሁት ደብዳቤስ? ካቻምና በመኸር በስስ የእርሳስ ሉህ ላይ በሚስማር ጭሬ ለእማዬ ልኬ ነበር። እዚህ ብራና በእርጥበት ስለሚበሰብስ ሰው ሁሉ የሚጽፈው በእርሳስ ብረት ላይ ነው። ዛሬም እንደዚያው ላደርግ ስል ባቶን «እርሳስ በመርከቤ አልጭንም» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።

በሚቀጥለው መርከብ እመጣለሁ። እማዬን ሙቅ ውሃ አዘጋጂ በያት። ዘንድሮ የምትወልደው ልጅ ጢም አለው።

ወንድምሽ ማንድሮን

 

ከሚሊጢን፣ በካላማዮን ወር፣ እህሉ ታጭዶ በገባ በሦስተኛው ቀን

ለወንድሜ ለማንድሮን፤

እማዬ «ሰላምታው ይቅደም፤ ስድቡ ኋላ ይደርሳል» ስላለች ይቅደም። የምትረግጠው መሬት ይጽናልህ፤ የምትጠጣው ውሃ አይጉዳህ፤ ያሳደገችህ ቤት በሩን አይዝጋብህ። አበቃሁ። አሁን ወደ ስድቡ።

አንተ ልጅ! አንድ ዓመት ሙሉ ፀጉሬን ቆርጬ፣ ጥቁር ለብሼ ነበር። ባለቤቴ አሁን በቅርቡ ነው ነጭ ልበሺ ብሎ የለመነኝ። ብራናህን ባቶን በሁለት እንጨት ቆንጥጦ ይዞት መጥቶ ደጃፉ ላይ ጣለልኝ። የእጅ ጽሑፍህን ሳይ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ፊደል የማውቀው አንተ በገል ላይ ስትጭር አጠገብህ ሆኜ በመስረቄ መሆኑ ትዝ አለኝና አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ።

የሆነውን ልንገርህ። አምና በጸደይ አንድ የማላውቀው መርከበኛ አንድ የታጠፈ የእርሳስ ሉህ ደጃችን ላይ ትቶ ሄደ። እናንተ አገር በእርሳስ ላይ ምን እንደሚጻፍ እኔ ከየት ልወቅ? እኛ ዘንድ የሚጻፍበት መተት ብቻ ነው። ምላሱን አስሬዋለሁ፣ እግሩን አስሬዋለሁ ብለው ይጭሩና፣ አጥፈው በሚስማር ወግተው፣ ያለ ዕድሜው በተቀጨ ሰው መቃብር ይቀብሩታል። ያንተም ታጥፎ መሐሉን ተበስቶ ነበር። ልከፍተው ስል እማዬ እጄን መታችኝ። «ያነበበው ላይ ይሠራል! እንዳትነኪው!» ብላ በጉጠት አንስታ ከጓሮ አመድ ውስጥ ቀበረችው።

በበጋው ካባህ መጣ። እማዬ ራሷ ጠርዙን የሸመነችው ካባ፣ ከወንዙ አፍ ከሰጠመ ጀልባ ተገኘ ብለው ሰጡን። ፊቱ የማይለይ ሬሳ ለብሶት ነበር አሉ። እንግዲህ ምን እናድርግ? ጠብቀን ጠብቀን ባዶ መቃብር አስቆፈርን። የምናስገባው አካል ስላልነበረ እማዬ ካባውን አስገባች። እርሳሱንም ከአመዱ አውጥታ ጨመረችው። «የገደለው ይሄ ነው፤ አብሮት ይበስብስ» አለች። ሌላም የተናገረችው አለ፤ እሱን ስትመጣ ራሷ ትነግርሃለች።

አሁን ብራናህን ሳነብላት ሱፍ እየፈተለች ነበር። አልጮኸችም። የያዘችውን ሱፍ ጨረሰች። ከዚያ ሣጥኑን ከፍታ እኔም አንተም የተጠቀለልንበትን ጨርቅ አወጣች። ዘረጋችውና «ያጥራል። ለዚያ ሁሉ ቁመት አይበቃም» አለች። ከትናንት ጀምሮ ከጫፉ ቀጥላ እየሸመነች ነው። ስትሸምን ስታንጎራጉር የሰማኋት ካባህ ከመጣ ወዲህ ይህ መጀመሪያዋ ነው።

ስለዚህ ቶሎ ና። ሳሏ ጠንቶባታል። የዚያን አገር ነጭ ማር ብትልክላት ይበጃል፤ ቀድሞህ ቢደርስ ጥሩ ነው፤ ካንተ ጋር ከሆነም እሰየው።

እህትህ ሄዲስቴ

 

ከኦልቢያ፣ በሜታጌይትኒዮን ወር፣ ሙቀቱ በጠናበት ጊዜ

ለእትዬ ሄዲስቴ፤

ከላይ ያሉት ከታች ያላችሁትን ይጠብቁ። የእማዬን ሳል ነፋስ ይውሰደው። ደብዳቤሽን ሦስት ቀን ሙሉ በደረቴ ይዤ ዞርኩ።

ሉሁ የተበሳው ለመተት አይደለም፤ በክር ታስሮ በጋሪ ነጂው አንገት ላይ እንዲንጠለጠል ነው። ካባዬንም ለብሶ የሞተው ጓደኛዬ ሚኮስ ነው። እግሬ ስለተሰበረ እኔ ቀረሁ፤ እሱ በጸደይ ጀልባዋን ይዞ ሲወርድ በርዶት ካባዬን ሰጠሁት። መሞቱን የሰማሁት እዚህ ስደርስ ነው። ለእርሱ አልቅሱለት፤ የኔን እንባ ወደ እርሱ አዙሩት።

መምጣቴን ግን እንዴት ላድርገው? ባቶን እንቢ አለኝ። ባሕሩ ላይ ማዕበል ቢነሳ መርከበኞቹ መጀመሪያ የሚጥሉት እኔን ነው አለ፤ ይህን ለኔ አስቦ መሆኑ ነው። ወደ አንድ የሳሞስ ባለመርከብ ሄድኩ። ደረቅ ዓሣ እየጫነ ነበር።

«የሞተ ሰው አላሳፍርም» አለ ገና አፌን ሳልከፍት።

«ከዓሣው ጋር ጫነኛ» አልኩት።

«ዓሣው ይበላሽብኛል።»

«ዓሣው'ኮ ራሱ ሞቷል!»

«ሞቷል፤ ተዝካር ግን አልተበላለትም» አለኝና መሰላሉን ሳበው። መርከበኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ወደ ጎጆዬ ሄጄ ተኛሁ።

ሌሎች ሦስት ጠየቅሁ፤ ሦስቱም እንቢ አሉ። ካልተወለድኩ መርከብ አልሳፈር፤ መርከብ ካልተሳፈርኩ አልወለድ። ዳቦ ሻጯ ሴት ዳቦዬን አጥር ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። እዚህ አብሮኝ የሚበላ አንድ አርጎታ ብቻ ነው፤ ከላይ አገር በጋሪ ቆዳ ይዞ የሚወርደው እስኩቴስ። ነገሩን ሳስረዳው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሞተሃል? እንግዲያው ብላ፤ ሙት ይርበዋል» ብሎ ከራሱ ሥጋ ቆርጦ አጎረሰኝ። ግሪክ ነኝ ብዬ የምኮራ ሰው በእስኩቴስ እጅ ጎረስኩ፤ በላሁና አለቀስኩ።

ሁለት ማሰሮ ነጭ ማር በባቶን ልኬያለሁ። ማሩን ለመጫን አላንገራገረም። ከቻልሽ ካህኑን አማክሪልኝ፤ ሌላ ሴት እዚህ ልትወልደኝ ትችል እንደሆነ። ደግሞ አንድ ነገር እማዬን ጠይቂልኝ። በጥያቄ መልክ አታድርጊው፤ በወሬ መሐል። ቁጣዋ በርዶላት እንደሆነ።

ወንድምሽ ማንድሮን

 

ከሚሊጢን፣ በፒያኖፕሲዮን ወር፣ የመጨረሻው መርከብ ሊነሳ ሲል

ለወንድሜ ለማንድሮን፤

ጤና ይስጥህ። ክረምቱ ይቅለልህ።

ባቶን ከዚህ በኋላ ባሕሩ እስኪከፈት አልመለስም ብሎ ገመድ እየፈታ ስለሆነ አጭር ነው። ካህኑን ጠየቅሁት። የቀበረችው ትወልዳለች እንጂ ሌላ ሴት አይሆንም አለ። መቃብሩን የቆፈረ እጅ ነው የሚመልሰው አለ።

እማዬ ይህን ስትሰማ የተሸመነውን ጨርቅ ጠቅልላ፣ በራሷ ላይ አድርጋ ወደብ ወረደች። «እሱ መምጣት ካልቻለ እኔ እሄዳለሁ» ብላ ነው። አሮጊት ሴት በዚህ ወቅት ማን ይጭናታል? እንቢ አሏት። መልሼ ቤት አስገብቻታለሁ።

ደህና ናት። ማሩ ደርሶናል። ሌላ ማር አትላክ። ምንም አትላክ። የሚሞቅ ነገር ለራስህ ልበስ።

ሄዲስቴ

 

ከኦልቢያ፣ በሌናዮን ወር፣ ወንዙ በረዶ በሆነበት ጊዜ፤ የሚላከው በመጀመሪያው መርከብ

ለእትዬ ሄዲስቴ፤

ይህ ሲደርስሽ ጸደይ ይሆናል፤ ጸደዩ በደስታ ያግኝሽ። እኔ የምጽፈው ቀለሙን በብብቴ እያሞቅሁ ነው።

የመኸሩን ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አትጠይቂኝ። አንቺ እኮ አጭር ሰው አይደለሽም። ስትሰድቢኝ ደህና እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ በዚያ ደብዳቤ ግን አንድ ስድብ የለበትም። እማዬም አንዲት ቃል አልላከችልኝም። «ደህና ናት» አልሽ። እኔ «መንገዱ ተዘግቶ ነበር» ብዬ እንደጻፍኩልሽ ዓይነት «ደህና ናት» ይሆን?

እንግዲያው እኔ ልጀምር። መንገዱ አልተዘጋም ነበር። አለቃው መሞቱ እውነት ነው፤ የተዘጋው ግን ለአርባ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጋሪዎች ሁለት ጊዜ ወርደዋል። ሁለቱንም ጊዜ አርጎታ «ለቤትህ የምትልከው የለህም?» አለኝ። የለኝም አልኩት። እግሬም ድኖ ነበር። መምጣት እችል ነበር።

ከቤት የወጣሁ ቀን አንቺ ገበያ ነበርሽ፤ እማዬም ነግራሽ እንደሆነ አላውቅም። አባታችንን የወሰደ ባሕር ነውና አትሂድ ብላ ለመነችኝ። እኔ ዕቃዬን ማሰር ቀጠልኩ። ደጃፉ ላይ ቆማ፣ «ከዚህ ደጃፍ ከወጣህ እንደ ሞትክ ነው የምቆጥርህ» አለችኝ። እኔም «ቁጠሪኝ!» አልኳት። ዘወር ብዬ እንኳ አላየኋትም።

ወንዙ ዳር እግሬ ተሰብሮ ስተኛ ግን ነገሩ እንደ እሾህ ወጋኝና ያን ሉህ ጻፍኩላት። ምን እንደጻፍኩ በደንብ አላስታውሰውም፤ ትኩሳት ላይ ነበርኩ። ምላሽ ጠበቅሁ። የመጀመሪያው ጋሪ ባዶ መጣ። ሁለተኛውም ባዶ መጣ። እንግዲያው አሁንም ተቆጥታለች፤ እኔም ልቆጣ እችላለሁ አልኩ። አንድ ዓመት ሙሉ በእንጨት ከተማ ተቀምጬ እናቴን አኮረፍኩ። እሷ ደግሞ እዚያ መቃብሬ ላይ ዘይት ታፈስ ነበር።

ይህን ንገሪያት። አንብቢላት። ሳሩ ሲያድግ ከአርጎታ ጋር በየብስ እነሳለሁ። ባሕሩን ዞረን፣ ከአንዱ አገር ወዳጁ ወደ ሌላው ወዳጁ እየተሻገርን፣ አራት ወር ይፈጃል ይላል። እነሱ መሞቴን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። እስከዚያ ትጠብቀኝ።

ማንድሮን

 

ከሚሊጢን፣ በአርጤሚሲዮን ወር ማለቂያ፤ በመጀመሪያው መርከብ

ለወንድሜ ለማንድሮን፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ተቀምጠህ አንብበው። ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ።

በመኸር ደህና ናት ያልኩህ ውሸቴን ነው። ወደቡ ላይ በዝናብ አራት ቀን ተቀምጣ ነበር፤ ጨርቁ ላይ እንደ እንቁላል አቃፊ ተቀምጣ፣ ያለፈውን ባለመርከብ ሁሉ «ኦልቢያ ነህ? ኦልቢያ ነህ?» እያለች። በአራተኛው ቀን ተሸክመን አመጣናት። ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። ብነግርህ በበረዶው ላይ በእግርህ ትነሳለህ ብዬ ፈራሁ።

በሌናዮን ወር አንድ ጠዋት ጠራችኝ። «ያ ልጅ በጊዜው አይደርስም፤ እኔም አልቆይም» አለች። ከዚያ «መቃብሩ ውስጥ ምን ነበር ያስገባነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ካባና ያን እርሳስ» አልኳት።

«እንግዲያው የተቀበረው እሱ ነው። አምጡልኝና እወልደዋለሁ።»

አእምሮዋ የተነካ መስሎኝ ካህኑን ጠራሁት። እሱም ራሱን እያከከ «እማማ ቲሞ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም» አላት።

እሷ ግን ትራሷ ላይ ቀና ብላ፣ «ያን ዕለት የቀበርኩት ልጄን ከሆነ፣ ከዚያ ጉድጓድ የሚወጣው ልጄ ነው። ልጄን ካልሆነ ደግሞ ማን ሞቶ ነው ልጄ ከማዕድ የሚባረረው? አንዱን ምረጥ!» አለችው። ካህኑ ወጥቶ ራሱ ከቆፋሪዎቹ ጋር ሄደ።

ካባው በስብሷል። እርሳሱ እንደነበረ ነው። እማዬ ሙቅ ውሃ አስመጥታ በገዛ እጇ አጠበችው፤ በየእጥፋቱ የገባውን አፈር በጣቷ እያወጣች። ካንተ የመጣውን ማር አላስቀረችም፤ ለሕፃን አፍ እንደሚደረገው ጠርዙ ላይ ቀባችው። ከዚያ ላንተ በሸመነችው ጨርቅ ጠቀለለችው። ጨርቁ ያንተን ቁመት ያህል ነው፤ ሉሁ የመዳፍ ያህል። ዞሮ ዞሮ አላልቅ አለ። ጡቷን አስያዘችው። ካህኑ በሩ ላይ ፊቱን አዙሮ ቆሞ ነበር። ጎረቤቶች ሊስቁ መጥተው ዝም ብለው ሄዱ።

አሥር ቀን አጠገቧ አስተኛችው። በአሥረኛው ቀን በምስክር ፊት «ማንድሮን» ብላ ስም አወጣችለት። ካህኑ መዝግቦ አትሞ የሰጠኝ ብራና ከዚህ ጋር አለ፤ ለፈዋሹ ቤተ መቅደስ አሳየው።

ሰው ሁሉ ሲሄድ «አሁን ክፈቺው» አለችኝ። «አልፈራሽም?» አልኳት። ያኔ ነው የነገረችኝ። ያን ሉህ አመድ ውስጥ የቀበረችው መተተኛ ፈርታ ብቻ አልነበረም። ደጃፉ ላይ አንተን የተናገረችህ ቃል ተጽፎ፣ ታጥፎ የተመለሰባት መስሏት ነው። ካባህ ሲመጣ ደግሞ እርግጠኛ ሆነች። «ልጄን የገደልኩት በአፌ ነው» ብላ ነበር መቃብርህ ላይ ያለቀሰችው። በካላማዮን ወር ደብዳቤዬ ራሷ ትነግርሃለች ያልኩህ ይህን ነው።

ከፈትኩት። ቃል በቃል ይኸው፦

«ማንድሮን ለእናቱ። ጤና ይስጥሽ። እግሬ ተሰብሮ ክረምቱን እዚህ ልከርም ነው፤ እየዳነ ነው። ካባው ይሞቃል። ደጃፉ ላይ የተናገርነውን ሁለታችንም ተናግረነዋል፤ እኔ ትቼዋለሁ። አንቺም ከተውሽው አንዲት ቃል ላኪልኝ። ካልላክሽ ተቆጥታለች እላለሁ።»

ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ «ቶሎ ጻፊለት። አልተቆጣሁም በዪው» አለች። እኔ ባሕሩ ዝግ ነው፣ ምን ያስቸኩላል ብዬ፣ ነገ እጽፍለታለሁ አልኳት። በማግስቱ አልነቃችም።

ስለዚህ አሁን ጽፌዋለሁ። አልተቆጣችም።

ያ ረጅም ጨርቅ ለእርሷ ልክ ሆነ፤ በእርሱ ገነዝናት። መቃብርህም ባዶ ስለነበር ሌላ አላስቆፈርንም። ድንጋዩ ላይ አሁንም «የሌዎካስ ልጅ ማንድሮን፤ እናቱ ቲሞ አቆመችው፤ አካሉን የጳንጦስ ባሕር ወሰደው» ይላል። ይፋቅ ወይስ ይተው? አንተ እንዳልክ አደርጋለሁ።

እህትህ ሄዲስቴ

 

ከኦልቢያ፣ በታርጌሊዮን ወር፣ በሃያኛው ቀን

ለእትዬ ሄዲስቴ፤ አሁን ካንቺ ሌላ የምጽፍለት የለኝም፤

ሐዘናችንን ያዩ አማልክት ያበርቱሽ።

ደብዳቤዎቻችን ባሕር ላይ ተላልፈዋል። የኔን አግኝተሽው ከሆነ ለማን ልታነቢው ነበር? መቃብሯ ላይ አታንብቢው። በራሴ አፍ እነግራታለሁ።

ብራናውን ለበረኛው ሰጠሁት። አነበበና በትሩን አወረደ። እንደ ማንኛውም አዲስ ሕፃን መሠዊያው ፊት አቁመው ጠየቁኝ፦ «ስምህ ማነው?» «ማንድሮን።» «ማን ወለደህ?» «ቲሞ።» «በሕይወት አለች?» አሉኝ። ለሕፃን ሁሉ የሚጠየቅ ተራ ጥያቄ ነው፤ ልጅ ሆነን የሳቅንበት ሕግ ይህ ነው። ያኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ሽማግሌው ካህን «ይልቀስ ተዉት፤ ሲወለዱ ይለቀሳል» አላቸው። ከዚያ ከማዕዱ አጎረሱኝ። የመጀመሪያ ጉርሻዬ ለእማዬ ያቀረብኩት የተዝካር ሥጋ ሆነ። አርጎታም መጥቶ በር ላይ ቆሞ አለቀሰልኝ።

ባቶን ልጫንህ ብሎኛል፤ ወደብ ላይ አቅፎኝ ነበር። ነገር ግን ካህኑ ሕፃን አርባ ቀን ሳይሞላው ባሕር አይሻገርም አለ። እሺ አልኩ። ድሮ ለአርባ ቀን የተዘጋውን መንገድ ዓመት ሙሉ የተዘጋ አስመስዬ ዋሸሁ፤ አሁን እውነተኛውን አርባ ቀን እቀመጣለሁ። ከዚያ እመጣለሁ፤ ደጃፉ ላይ አንቺ ቁሚልኝ።

ድንጋዩ ላይ «አካሉን የጳንጦስ ባሕር ወሰደው» የሚለውን ብቻ አስፍቂው። ቀሪው እውነት ነውና ይቆይ፤ ስሟም ከስሜ አጠገብ እንዳለ ይሁን።

በባቶን አንድ ማሰሮ ማር ልኬልሻለሁ። ማሩን ለጎረቤት አካፍዪው፤ በእማዬ ሊስቁ መጥተው ዝም ብለው ለሄዱት። ከሥሩ በሰም የተለበጠ አንድ የታጠፈ የእርሳስ ሉህ ታገኛለሽ፤ ባቶን አያውቅም፣ እንዳትነግሪው። እርሳስ ወደ ሙታን ይደርሳል ትላላችሁ አይደል? ሄደሽ ከድንጋዩ ሥር ቅበሪልኝ። አትክፈቺው፤ የተጻፈው ለእርሷ ነው።

ዘንድሮ ምላሽ ባይመጣ ተቆጥታለች አልልም።

ወንድምሽ ማንድሮን